በቅሎዋ የት ደረሰች?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ የኅዳር እትም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መሐል ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጠሙ። የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. የአድዋ ድል 130ኛ ዓመቱን ይይዛል። አድዋን የሚመለከት አጭር አኒሜሽን ነው የሦስቱም ጉዳይ። እኔም የሥዕልና የአኒሜሽን ሰው ስለሆንኩ ዓምዱን ሙሉ ለነሱ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልን። አራት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ሁለታችን እንሥላለን፤ አንዱ ኮምፒውተር ይችላል፤ አንዱ ደግሞ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ለአድዋ 130ኛ ዓመት የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን እንድንሠራ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ተፈቅዶልናል። ስክሪፕታችን ከውጫሌ ውል ጀምሮ እስከ ድሉ ድረስ ያለውን ሁሉ ይዟል። አስተያየት በተሰጠን ቁጥር የሚጨመር ነገር አይጠፋም። አሁን 14 ገጽ ሆኗል። ጨንቆናል። ከየት እንጀምር? (አራቱ ጓደኛሞች፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። የሕዝብ ገንዘብ ለአኒሜሽን ሲወጣ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ያንን 14 ገጽ አጥፋችሁ አስቀምጡትና በአንድ ገጽ ጀምሩ።

ይህን የምላችሁ ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ለዚሁ በዓል የአራት ደቂቃ ፊልም ሠርተን ነበር። የኛም ገንዘብ የመንግሥት ነበር። የሠራነው ቱሉ ዲምቱ፣ እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። በአራት ደቂቃ የውጫሌን ውል አስገባን። አንቀጽ 17ን አስገባን። የክተት አዋጁን፣ አምባላጌን፣ መቀሌን፣ አድዋን አስገባን። ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ዋግሹም ጓንጉል አንድም አልቀሩብንም። ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ ሣልን። ባልቻ መድፍ ሲያስተኩሱ ሣልን። ለያንዳንዱ የደረሰው ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው።

ፊልሙን አቃቂ በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል ልጆች አሳየን። ጸጥ ብለው አዩ። ሲያልቅ አጨበጨቡ። "ጥያቄ ያለው?" አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"በቅሎዋ የት ደረሰች?" አለኝ።

የቷ በቅሎ? ትዝ አላለኝም። ባልደረባዬ ነው ያስታወሰኝ። ጦሩ ሲጓዝ፣ ዱቄት የተጫነች አንዲት በቅሎ ሦስት ሰከንድ ያህል ትታያለች። ድንጋይ ያደናቅፋታል፤ በጉልበቷ ትወድቅና ተነስታ ትሄዳለች። እሱ አንድ ቀን ማታ ደስ ብሎት የሣላት ናት፤ ስክሪፕቱ ውስጥ እንኳ አልነበረችም። ከዚያ ልጅ በኋላ ሌሎቹም ስለ በቅሎዋ ጠየቁ። ጭነቱ ከበዳት ወይ? ስሟ ማን ነው? ስለ ውጫሌ የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳየናቸው ሁሉ እውነት ነበር። እነሱ ግን ይዘው የሄዱት ያቺን ጭነት ከብዷት የተነሳችውን ፍጥረት ነው። የቀረው ሁሉ እንደ ግድግዳ ፖስተር በፊታቸው አልፏል።

ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ችግር ምረጡ። እኔ ብሆን መቀሌን እመርጣለሁ። ጊዜው ጥር 1888 ነው፤ ከአድዋው ውጊያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ። ጣሊያኖቹ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተዋል። አዛዣቸው ሻለቃ ጋሊያኖ ነው። ምሽጉን በውጊያ ማስለቀቅ ብዙ ሰው ያስጨርሳል። የሚጠጡት ውሃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። ምንጩን እንያዝባቸው ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምንጩ ተያዘ። ጋሊያኖና ወታደሮቹ በውሃ ጥም ተቸግረው ምሽጉን ለመልቀቅ ተስማሙ። ምኒልክም መሣሪያቸውን እንደያዙ እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው።

እስቲ ይህን በሦስት ደቂቃ አስቡት። አንድ ምንጭ አለ። ምንጩን ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ወጣት አለ፤ ይህን ልጅ እናንተ ትፈጥሩታላችሁ። አጠገቡ ውሃ የምታመላልስ በቅሎ ታስራለች። ማዶ የምሽጉ መብራት ይታያል። ልጁ ቅሉን ሞልቶ ይጠጣል። ማዶ ያሉት እንደተጠሙ ያውቃል። ጠላቶቹ ናቸው፤ ጥም ግን እሱም ያውቀዋል። ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር መሣል ከቻላችሁ ፊልም አላችሁ። አምስት ሺህ ወታደር መሣል አያስፈልጋችሁም። ድሉን በመጨረሻ ድምፁን ብቻ ብታሰሙን ይበቃናል።

መሥሪያ ቤቱ "የእገሌ አገር ሰው የት አለ?" ብሎ ቢጠይቃችሁ አትከፉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አድዋ ላይ ከያቅጣጫው ሰው ዘምቷል። መልሱ ግን አሥራ ሁለት መኳንንት ማሰለፍ አይደለም። ሌሊቱን ሰፈሩን አሳዩ። በየድንኳኑ ፊት እሳት ይንደድ። ካሜራው በእሳቶቹ መሐል ቀስ ብሎ ይለፍ። በአንዱ ኦሮምኛ ይሰማ፣ በአንዱ ትግርኛ፣ በአንዱ አማርኛ፣ በአንዱ ጉራጊኛ። አንዷ ሴት በሶ ትበጥብጥ። አሥር ሰከንድ ይበቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። እኛን የጣለን ሒሳብ አለማድረጋችን ነው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃችኋል። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው፤ 3,600 ሥዕል ማለት ነው። ኅዳር 23 ሥራ ብትጀምሩ እስከ የካቲት 23 ልክ 90 ቀን አላችሁ። ገናንና ጥምቀትን ቀንሱ። እሑዶችን ቀንሱ። ለስቶሪቦርድ (ታሪኩን በተከታታይ ንድፍ ለማስቀመጥ) ሁለት ሳምንት፣ ለድምፅ አንድ ሳምንት ቀንሱ። የሚተርፋችሁ ከ60 ቀን አይበልጥም። የምትሥሉት ሁለታችሁ ናችሁ። ለያንዳንዳችሁ በቀን 30 ሥዕል ይደርሳችኋል፤ ቀለሙን ጨምሮ። አትችሉትም። ከቻላችሁም ፊልሙ ላይ ድካማችሁ ይታያል።

ሦስት ደቂቃ ብታደርጉት ግን 2,160 ሥዕል ነው፤ በቀን 18። ልጁ ዝም ብሎ የሚያዳምጥባቸው ቦታዎች ላይ የሚንቀሳቀሰው ዓይኑና ነጠላው ብቻ ይሁን። በቅሎዋ ስትሄድ አንዱን የእርምጃ ዙር ሣሉና ደጋግሙት። እንዲህ እያደረጋችሁ ግማሹን ትቀንሳላችሁ። "አምስት ደቂቃ ነው የተፈቀደው" ቢሏችሁ ይህንኑ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩአቸው። እኔ ስሜቴን ሳስረዳ ማንም አልሰማኝም ነበር። ቁጥር ሳመጣ ግን ሰሙኝ።

ሱሉልታ መሆናችሁ ደግሞ ዕድል ነው። ፈረስና በቅሎ ደጃችሁ ላይ አለ። እኛ የፈረስ እግር ከኢንተርኔት እያየን ሥለን ሁሉም እግር ተሳከረብን። እናንተ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። በዝግታ ሲራመድ፣ ሲሰግር፣ ሲጋልብ ለየብቻ ቅረጹ። ሲሰግር በሰያፍ ያሉት እግሮች፣ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ፣ አብረው ይነሳሉ። ሲጋልብ አራቱም እግር ከመሬት የሚለቅበት ቅጽበት አለ። የሚለቀው ግን እንደ ድሮ ሥዕሎች እግሩን ዘርግቶ ሳይሆን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ነው። ይህን ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 በተከታታይ ፎቶግራፍ አሳይቷል። ከአድዋ 18 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የአኒሜሽን ሥራ ራሱ ከፈረስ እግር ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

በቅሎ ፈረስ አይደለችም። ጆሮዋ ይረዝማል፤ አረማመዷም ጠንቃቃ ነው። ጭነት ሲኖርባት አንገቷን እንዴት እንደምትይዝ እዩ። አንድ ሙሉ ቀን ለሷ ስጡ።

መሣሪያውን ደግሞ አደራ። የተዋጊው ትከሻ ላይ ክላሽ እንዳይታይ። የዘመኑ ጠመንጃ እንደ ውጅግራ ያለው ነው። ጋሻውን፣ ጎራዴውን፣ ለምዱን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያ ከየካቲት 2016 ጀምሮ ክፍት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም ባህላዊ ሥዕሎች አሉት። ከሱሉልታ በጠዋት ብትነሱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። ንድፍ ደብተር ያዙ፤ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ።

ሶፍትዌሩ አያስጨንቃችሁ። ክሪታም ብሌንደርም በነጻ ይገኛሉ። ሁለቱም ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበላችሁ። እኛ ሳንጠይቅ ፈረምን። አስተያየት ሰጪው አንድ ሰው መስሎን ነበር፤ ዘጠኝ ሆኑ። አንዱ ያስጨመረውን ሌላው አስወጣ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ 40 ሰከንድ መልእክትና አርማ ይግባ ተባለ። የመጨረሻው ክፍያ የመጣው በዓሉ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ በዚያ መሐል የቤት ኪራይ ተበድሬ ከፈልኩ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምነግራችሁ። ሰዎቹ ቅን ነበሩ፤ አሠራሩን ግን አስቀድመን አልተነጋገርንበትም። እናንተ ውሉ ላይ ይህን አስጽፉ። አስተያየት በጽሑፍ፣ ከአንድ ሰው እጅ ይምጣ። አንዴ በስቶሪቦርድ፣ አንዴ በአኒማቲክ (ንድፎቹ በጊዜያቸው ተቀጣጥለው በሚታዩበት ረቂቅ ቪዲዮ) ላይ ይሁን። ሥዕሉ ተሥሎ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር አይኑር። ክፍያውም በነዚያው ደረጃዎች ይከፋፈል። ስቶሪቦርዱ ሲጸድቅ አንድ፣ አኒማቲኩ ሲታይ አንድ፣ ፊልሙ ሲሰጥ አንድ።

ለመብራቱ ተዘጋጁ። ሥራችሁን በየማታው ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ሃርድ ዲስኩም ሌላ ቤት ይደር። እኛ መብራት እየሄደ የሁለት ቀን ሬንደር (ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን ወደ ፊልም የሚቀይርበት ሥራ) ጠፍቶብናል። መጨረሻ ላይ ያተረፈን ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ነው። ጄኔሬተር ነበራቸው። ላፕቶፑን ዱቄት እንዳይገባበት በነጠላ ሸፍነን፣ ሊጥ የሚቦካበት ክፍል ጥግ አስቀምጠን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር አደረግን። ዳቦ ጋጋሪዎቹ በየተራ እየመጡ "ስንት ደረሰ?" ይሉን ነበር። ጠዋት ሲያልቅ ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት እነሱ ናቸው። ስማቸውን ፊልሙ መጨረሻ ላይ አለማስገባቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሌሊት። ጀሪካን ደርድሬ ስጠብቅ አድራለሁ። የልጅ ልጄ ለአድዋ በመንግሥት ገንዘብ ካርቱን ሊሠራ ነው ብሎ ነገረኝ። አባቴም አርበኛ ነበሩ፤ በዓሉን እወደዋለሁ። ግን ለካርቱን ብር ይወጣል? አንቺ ምን ትያለሽ? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ እማማ፣ በመጀመሪያ ጥያቄዎን እንደ ቅሬታ አላየሁትም። የገንዘቡ ባለቤት እርስዎ ነዎት። መጠየቅም የእርስዎ ነው።

ሌሊት ውሃ መጠበቅን አውቀዋለሁ። እኔም ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ ነቅቼ ባልዲ ሞልቻለሁ። ሮቶ የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል አይጠፋኝም። ስለዚህ በግልጽ ልንገርዎ። ከቧንቧውና ከፊልሙ አንዱን ምረጪ ብባል፣ ቧንቧውን እመርጣለሁ። አኒሜሽን እንጀራዬ ሆኖም እንዲያ ነው የምለው።

ነገር ግን ለበዓል ገንዘብ መውጣቱ አይቀርም። ለድንኳን ይወጣል፤ ለባነር ይወጣል፤ ለቲሸርት ይወጣል። ባነሩ በማግስቱ ይወርዳል። ፊልም በደንብ ከተሠራ ግን የልጅ ልጅዎ ልጅም ያየዋል። በሌላው ዓለምም ይህ የተለመደ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1939 በመንግሥት ገንዘብ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ አቋቁማ እስከ ዛሬ አኒሜሽን ታሠራለች። ብዙ የዓለም አኒሜሽን ሠሪዎች ከዚያ ቤት ሥራ ተምረዋል። እኔም አንዷ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ፊልሞቻቸውን እያቆምኩ ፍሬም በፍሬም ቆጥሬአለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ የሠራነው ፊልም አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን ታየ። በዓመቱ አንድ መምህር ፈልጎ ደወለልኝ። ያሠራን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሃርድ ዲስኩ የት መሳቢያ እንደገባ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የኔ ቅጂ ባይኖር ጠፍቶ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ባከነ የምለው ያኔ ነው። ካርቱን ስለሆነ አይደለም፤ ሕዝቡ ስላላየው ነው።

ስለዚህ እማማ፣ "ለካርቱን ብር ይወጣል?" ከማለት ይልቅ "ከበዓሉ በኋላ የት ነው የማየው?" ብለው ይጠይቁ። ፊልሙ በነጻ በስልክ ይታይ። በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ። የንግግሩ ድምፅ ከሙዚቃው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ያኔ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሲዳምኛም በአነስተኛ ወጪ ይተረጎማል። ይህን አሁን የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ይደረጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ከላይ ለሱሉልታ ልጆች ስለ መቀሌው ውሃ ጽፌላቸዋለሁ። እርስዎ ሌሊት ቧንቧ ሲጠብቁ ምን እንደሚያዳምጡ፣ ውሃው ሊመጣ ሲል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ ለልጅ ልጅዎ ይንገሩትና ይጻፍልኝ። ለልጆቹ አደርስላቸዋለሁ። ያ ምንጭ አጠገብ የሚያድር ወጣት ጆሮው ምን እንደሚሰማ ከእርስዎ የተሻለ የሚነግራቸው የለም።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ያለ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ባህላዊ የአድዋ ሥዕል አሳይቻቸው "የኛ ሰዎች ሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ አንድ ዓይን ለምን ኖራቸው?" አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ከዚያ አንዷ ልጅ "ፈረሱም አንድ ዓይን ነው፤ እሱም ጠላት ነው?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። የክፍላችንን ትንሽ አኒሜሽን በዚህ አሣሣል መሥራት ይቻላል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ መምህር፣ ይህችን ልጅ ይጠብቁልኝ። ዓይኗ ሠዓሊ ነው።

ለልጆቹ የነገሩት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳንና ደጋጎች ፊታቸው ወደኛ ዞሮ፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የአድዋ ሥዕሎችም ያንኑ ልማድ ተከተሉ። የኛ ጦር በሁለት ዓይን ያየናል፤ ጣሊያኑ በጎን ነው። ከላይ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ አለ። የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷልና።

ፈረሱ ብዙ ጊዜ በጎን የሚሣለው ቅርጹ በጎን ስለሚያምርና ስለሚታወቅ ይመስለኛል። ከፊት ለፊት የተሣለ ፈረስ ለሠዓሊም ፈተና ነው። ጠላት ስለሆነ አይደለም በሏት።

አኒሜሽን ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ችግር ግን ይገጥማችኋል። ሰው ፊቱን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዞር መሐል ላይ የጎን ፊት የሚታይበት ጊዜ አለ። የናንተ ጀግና ግን አንድ ዓይን መሆን የለበትም። እኔ ይህን ለመፍታት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው። ሰውየው ከመዞሩ በፊት ዓይኑን ይጨፍን። በጨፈነበት ሁለት ፍሬም ፊቱን ይቀይሩ። ሲገልጥ ወደ ሌላው በኩል ዞሯል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ። ልጆቹ ወፍራም ወረቀት ቆርጠው፣ እጅና እግሩን በቁልፍና በክር አያይዘው፣ በስልክ አንድ በአንድ እያነሱ መሥራት ይችላሉ። ስልኩ እንዳይነቃነቅ ሁለት ወንበር መሐል ጣውላ ላይ በፕላስተር ይሰሩት። መጋረጃውን ይዝጉ፤ የኮዬ ደመና ብርሃኑን በየደቂቃው ይቀያይርባችኋል።

ለዚያች ልጅ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ይስጡልኝ። ዱቄት የተጫነች በቅሎ ወደኛ ፊቷን አዙራ፣ በሁለት ዓይን እያየችን ትሣልልኝ። በኋላዋ መንገዱ ይታይ። ሥዕሉን ወደ መጽሔቱ ይላኩት፤ በታኅሣሥ እትም ይህ ዓምድ ራስጌ ላይ እናወጣዋለን።